የዘበኛው ትንሽ ጣት

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባላል። የአርታኢዋ ጆሮ ግን የዚያን ዕለት ጠዋት ባዳ መሆን አልቻለም። አውቶቡስ ውስጥ፣ ከኋላዋ ካለው መቀመጫ፣ ስሟ ሳይጠራ የምትረገመው እሷ መሆኗን ገና ወሬው ሳይሞቅ ለየችው። "እኔ ባገኛት ምራቄን ነው ፊቷ ላይ የምተፋው" አለች አንዲት ሴት። ድምፅዋ ከባንክ ቤት መስኮት ኋላ የሚሰማው ዓይነት ነው፣ ጨዋና የተቆጠበ፤ ለዚህም ይሆናል ይበልጥ ያስፈራው። አብሯት የተቀመጠው ጎልማሳ "ምራቅሽን አታባክኚ" አላት። "ለገንዘብ ብላ የሸጠችንን ሴትዮ ገንዘቡ ራሱ ይተፋባታል።" ሴትየዋ ግን አልበረደላትም። "ዝም ብላ ብትሄድ ምን ነበረበት? ዘበኛውን አዋርዳው ነው እኮ የሄደችው። ይኸው፣ አንተው ቁጠር ጣቶቹን።" አርታኢዋ ወደ መስኮቱ የምታይ መስላ አንገቷን አዞረች። በሴትየዋ ስልክ ላይ አንድ የተሳለ እጅ ጎልቶ ይታያል፤ የብረት በር ጨምድዶ የያዘ ግራ እጅ። ሳታስበው አብራ ቆጠረች። አምስት ጣት። ከመውረጃዋ ሁለት ፌርማታ ቀድማ ወረደች።

እንግዲህ ይህን ነገር ለማያውቅ ሰው ቀልድ ይመስለዋል። አንድ የተሳለ ሰው አምስት ጣት ኖረው ብሎ ማን ያብዳል? "ዘበኛው" ግን ዝም ብሎ ኮሚክ አልነበረም። ከሃያ ዓመት በላይ በየሳምንቱ የወጣ፣ አባት አንብቦ ለልጁ ያወረሰው፣ በየፀጉር ቤቱና በየጋራዡ ገጹ እስኪላላ የተገላበጠ ታሪክ ነው። አንድ ነገረ ቁጥብ ዘበኛ አንድ አሮጌ ሕንፃ ይጠብቃል፤ በቃ፣ ይኸው ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት አንድን ሕፃን ከሚዘጋ የብረት በር ሥር ጎትቶ ሲያወጣ የግራ እጁ ትንሿ ጣት ተቆርጣ ቀረች። ከዚያ ወዲህ ወዳጆቹ መንገድ ላይ ሲገናኙ ግራ እጃቸውን ከፍ አድርገው ትንሿን ጣት ያጥፏታል፤ ሰላምታቸው ነው። ሠዓሊው የአርታኢዋ አባት ናቸው። እሷ ደግሞ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ የዚሁ ኮሚክ አርታኢ ነበረች፣ እስካለፈው ወር ድረስ። ባለፈው ወር መንገድ ተሻግሮ ወዳለው ተፎካካሪ አሳታሚ ሄዳ "ጣራ ለጣራ" የሚባለውን አዲስ ኮሚክ ያዘች። የቀድሞዎቹ አሳታሚዎች "ዘበኛው ለጥቂት ጊዜ ዕረፍት ላይ ነው" ብለው ሁለት መስመር ለጠፉ። አንባቢ ደግሞ ሞኝ አይደለም፤ ዕረፍት ማለት ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ገዳይዋም ማን እንደሆነች አጣርቶ ጨርሷል።

አምስተኛዋ ጣት ከየት እንደመጣች የሚያውቅ ከዚህ ሁሉ ሕዝብ ውስጥ ቢበዛ ሦስት ሰው ነው። ሁለት ዓመት ይሆናል፣ የአባቷ ቀኝ እጅ መንቀጥቀጥ ጀመረ። መጀመሪያ የጣራው መስመር ተንሻፈፈ፣ ቀጥሎ ፊቶቹ፣ በኋላማ ዘበኛው ራሱ ብርድ እንደመታው ሰው ሆኖ ይወጣ ጀመር። ሐኪሙ የሚለውን አለ። እናቷ ኮሪደር ላይ ክንዷን ጨምድደው ይዘው "አባትሽ ሰው የሆነው በእጁ ነው፤ እጁ ታመመ ተብሎ ከሚወራ እኔን አፈር ይብላኝ" አሏት፤ ማለችላቸው። ከዚያ ወዲህ አባቷ እንደ ድሮው ሥዕሎቹን በጋዜጣ ጠቅልለው ይሰጧታል፤ እሷ ቢሮዋን በምሳ ሰዓት ቆልፋ ከአሮጌዎቹ ሥዕሎች ተመሳሳይ እጅ፣ ተመሳሳይ ፊት፣ ተመሳሳይ እግር እየፈለገች፣ ቅጂውን እየቆረጠች፣ እየለጠፈች፣ መጋጠሚያውን በነጭ ቀለም እየዳበሰች ትሞላለች። የማተሚያ ቤቱ ሰው እንኳ አልነቃባትም። አባቷ የታተመውን ይገልጡታል፣ አንድም ቃል ሳይተነፍሱ ይከድኑታል። የገዛ እጁን የማያውቅ ሠዓሊ የለም፤ እንደሚያውቁ ታውቃለች፣ እንደምታውቅም ያውቃሉ። በመጨረሻው ዕትም ላይ ልቧ ቸኩሎ ነበር መሰል፣ በሩ ጣቱን ሳይቆርጠው በፊት ከተሳለ ገጽ እጅ አንስታ ለጠፈች። ዘጠኝ ዓመት የሰው ስሕተት ስትለቅም የኖረች ሴት።

ደግሞ እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ የሄደችው ኮሚኩ ቆሞ የአባቷ እጅ ነገር ተሸፍኖ እንዲቀር ብቻ አልነበረም። መቁረጥና መለጠፍ ሰልችቷታል። የ"ጣራ ለጣራ" ሠዓሊ ገና ሃያዎቹ ውስጥ ያለች ልጅ ናት፤ የመጀመሪያ ገጾቿን ያየች ቀን አርታኢዋ ምሳዋን ረስታ እስከ ማታ ስታገላብጥ ዋለች። ከጣራ ጣራ እየዘለለች የሰው አንቴና የምትጠግን አንዲት ቀልደኛ ልጅ፣ የመሣሪያ ቦርሳዋን አንግታ። መስመሩ ሕያው ነው። ይህን ሥራ ፈለገችው፣ እንደ ሰው ፈለገችው፤ ስታገኘውም ደስ አላት። ሰው ከድቶም እኮ ይደሰታል፤ ደስታው ነው ሌሊት የሚቆረቁረው።

ቢሮ መሄዱን ትታ ወላጆቿ ቤት ሄደች። ከሰዓት በኋላ "ጣራ ለጣራ" በይፋ የሚሸጥበት ፕሮግራም መጻሕፍት መደብር ውስጥ አለ፤ ከሠዓሊቷ ልጅ ጋር ተቀምጣ መፈረም አለባት። ከዚያ በፊት የአምስተኛዋ ጣት ወሬ እቤት ደርሶ እንደሆነ ማወቅ ፈለገች። ሦስተኛ ፎቅ ነው፤ ደረጃው እንደወትሮው የታጠበ ሲሚንቶና የሰው ወጥ ይሸታል። እናቷ በሩን ከፍተው ፊቷን አዩና ምንም ሳይጠይቁ ስለ ዋጋ ጀመሩ፤ ሲጨንቃቸው የሚያወሩት ስለ ዋጋ ነው። "ሽንኩርት እኮ አይቀመስም። ዘይትማ አታንሺው። ትናንት አንዱን ነጋዴ 'ወርቅ ነው እንዴ የምትሸጠው?' ብለው 'ወርቅማ ረክሷል እናቴ' አይለኝ መሰለሽ!" እየሳቁ ወደ ሳሎን መሯት፤ ዓይናቸው ግን አልሳቀም።

አባቷ በመስኮቱ በኩል፣ ከሥዕል ጠረጴዛቸው ጎን፣ ጀርባቸውን ለበሩ ሰጥተው ተቀምጠዋል። ቀኝ እጃቸው ጋዜጣ ሥር ነው። ጠረጴዛው ላይ ብዕሮቹ በጣሳ ውስጥ እንደቆሙ፣ የቀለሙ ጠርሙስ እንደተከደነ፣ አንገተ ቆልማማው መብራት እንደጠፋ ነው። ከወር ወዲህ አላናገሯትም። የሚናገሩት ነገር ካለ ለእናቷ ነው የሚናገሩት፤ "ለዚያች ሴትዮ ሻይ ስጫት" ይላሉ፣ ሴትዮዋ ከአፍንጫቸው ሥር ተቀምጣ። አርታኢዋ ለመቀመጥ ጎንበስ ስትል ዓይኗ የጠረጴዛው አንደኛው እግር ላይ አረፈ። ያ እግር ከጥንትም አጭር ነው፤ ካርቶን ይደረግበት ነበር። ዛሬ ካርቶኑ የለም። ባለፈው ሳምንት ለአባቷ በሰው የላከችላቸው የ"ጣራ ለጣራ" የመጀመሪያ ቅጂ፣ አራት ቦታ ታጥፋ፣ እግሩ ሥር ተወሽቃለች። የልጅቷ ግማሽ ፊት ከእንጨቱ ሥር ወጥቶ ይስቃል።

"ያ የዘበኛው ወዳጅ፣ መለዋወጫ ሻጩ፣ ዛሬ ሲደውል ነው ያረፈደው" አሉ አባቷ ለእናቷ። "ጠበቃ የሚሉት። ጣት፣ ጣት ይላል።"

"አንተስ ምን አልከው?"

"ምን እላለሁ? ሥራ ላይ ነኝ አልኩት።"

ጋዜጣው ብቻውን ኮሽ ኮሽ ይላል፤ ንፋስ የለም። ሦስቱም ወደ ጋዜጣው ላለማየት ወደተለያየ ቦታ አዩ። አርታኢዋ "አባዬ፣ ዛሬ ከሰዓት…" ብላ ልትጀምር አባቷ በግራ እጃቸው የሬዲዮኑን ድምፅ ጨመሩት። ስለ አየር ሁኔታ ነበር። ሰማዩ አልፎ አልፎ ደመናማ እንደሚሆን ሦስቱም በጽሞና አዳመጡ።

እናቷ እስከ በር ሸኟት። የኮቷን ኮሌታ እያቃኑ፣ ሳሎን እንዳይሰማ በሹክሹክታ "ምላስሽን ያዢ" አሏት። "ይሰድቡሻል፤ ይስደቡሽ። ስድብ አይለጠፍም። አንቺ ትችይዋለሽ፣ እሱ ግን አይችልም።" አርታኢዋ "እኔስ እማዬ? እኔ ከምን የተሠራሁ መሰለሽ?" አለቻቸው። እናቷ ኮሌታዋን እንደገና አቃኑት። ቀድሞም ቀጥ ያለ ነበር።

መጻሕፍት መደብሩ ሁለት መንገድ የሚገናኙበት ጥግ ላይ ያለ ጠባብ ቤት ነው፤ በአዘቦቱ ቀን ሦስት ሰው ከገባ አራተኛው ውጭ ይጠብቃል። ያን ዕለት ሰው እስከ አስፋልቱ ፈሷል። ባለቤቱ፣ ቦርጫም ደስተኛ ሰው፣ ጠብ ካለ ገበያ አለ ብሎ ነው መሰል የፕላስቲክ ወንበሮች ከጎረቤት ተውሶ ደርድሯል። የ"ጣራ ለጣራ" ቅጂዎች ጠረጴዛው ላይ ተቆልለዋል፤ ማንም አልነካቸውም። ሠዓሊቷ ልጅ አዲስ ጫማዋን አድርጋ፣ ጥፍሯን እየበላች ተቀምጣለች። "ይመቱናል እንዴ?" አለች አርታኢዋን በቀስታ። "አንቺን ማን ይመታሻል፣ አይዞሽ" አለቻትና አጠገቧ ተቀመጠች። ቀና ስትል ሕዝቡ ግራ እጁን አነሳ። ልቧ አንድ ጊዜ ደስ ሊለው ነበር፤ የለመደችው ሰላምታ መሰላት። ትንሿን ጣት ግን ማንም አላጠፈም። ሁሉም አምስቱንም ጣቶቹን ዘርግቶ ፊቷ ላይ ደቀነባት። አውቶቡስ ውስጥ የነበረችው፣ የባንክ ቤት ድምፅ ያላት ሴትዮም አለች፣ መዳፏ ፊት ለፊት ተገትሯል። ሊሰድቧት ይችላሉ ብላ የተዘጋጀችበት ስድብ ሁሉ ከዚህ ይሻላት ነበር።

ጠበቃው ከመካከል ብቅ አለ። ጥብቅና የተማረ ሰው አይደለም፤ የመኪና መለዋወጫ ነው የሚሸጠው፤ አፉ ነው ስሙን ያወጣለት። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሯል፣ በእጁ የዕቃ ቁጥር የሚያነብበት አጉሊ መነጽር አለ፣ በሌላው የመጨረሻው ዕትም። "እመቤቴ፣ እኛ የመጣነው ለጠብ አይደለም" ሲል ጀመረ፤ እንዲህ የሚጀምር ሰው ደግሞ ለምን እንደሚመጣ የታወቀ ነው። "እኔ አባቴን በልጅነቴ ያጣሁ ሰው ነኝ። ማታ ማታ በሩን የሚጠብቅልኝ ይሄ ሰውዬ ነበር። አትሳቁ! ይሄ ሰውዬ ነበር። የፈለግሽው ቤት ግቢ፣ እንጀራሽ ነው። ግን ጣቱን ለምን መለስሽው? ለአንድ ሕፃን የከፈላትን ጣት፣ እንዳልከፈለ አድርገሽ፣ ለምን መለስሽው?" አጉሊ መነጽሩን ቀሰረባት። አርታኢዋ ከንፈሯን ነከሰች። ሰውየው ከልቡ ነው፣ የሚለውም ልክ ነው።

በዚህ መሃል በሩ አካባቢ ሰዉ ግራና ቀኝ ተከፈለና "ጋሼ! ጋሼ መጡ!" የሚል ጫጫታ ተነሳ። አባቷ ናቸው። ጥቁር ኮታቸውን ለብሰዋል፣ ቀኝ እጃቸው ኪሳቸው ውስጥ ነው፣ እናቷ ከኋላ ትንፋሻቸው ቁርጥ ቁርጥ እያለ ይከተላሉ፤ በዓይናቸው "አቃተኝ፣ ምን ላድርግ" አሏት። ጠበቃው ነው የጠራቸው። የተዘረጉት ጣቶች ባንዴ ታጠፉ፤ ቤቱ ሁሉ በአራት ጣት ሰላምታ ሰጣቸው። አባቷ በግራ እጃቸው መለሱ። የመደብሩ ባለቤት ደስታው የሚያደርገውን ቢያሳጣው ከጓዳ ነጭ የመጻፊያ ሰሌዳ ጎትቶ አወጣና ወፍራም ጥቁር እስክሪብቶ አቀረበላቸው። "ጋሼ፣ አንድ ጊዜ! እጁን ብቻ ይሳሉልን! እውነተኛውን እጅ ሁሉም ይየው!" "ይሳሉልን! ይሳሉልን!" አለ ሕዝቡ፣ ጭብጨባ ተጀመረ። እናቷ ግድግዳውን ተደገፉ። አባቷ ሰሌዳውን አዩት። የኪሳቸው ጨርቅ ከውስጥ ሲነካካ ከዚያ ሁሉ ሰው ያየችው እሷ ብቻ ነበረች።

አርታኢዋ ወንበሯን ገፍታ ተነሳች። ያሰበችበት ነገር አልነበረም። "ጣቷን የመለስኳት እኔ ነኝ!" ብላ ጮኸች። "ሆን ብዬ ነው! ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ዘበኛ ስጠብቅ ሰለቸኝ! አንገፈገፈኝ! እሳቸውን ተዉአቸው፣ የምትጠሉት እኔን አይደል? ይኸው አለሁ!" ሆን ብዬ ማለቷ ውሸት ነው፣ ሰለቸኝ ማለቷ ግን እውነት ነበር፤ ከአፏ ሲወጣ ራሷንም አስደነገጣት። ጉድ ፈላ። ጭብጨባው ወደ ጩኸት ተለወጠ፣ ከሃዲ የሚለው ከዚህም ከዚያም መጣ፣ አንዱ የወረወረው መጽሔት ትከሻዋን መትቶ ቁልሉን አፈረሰው። ሠዓሊቷ ልጅ ወለሉ ላይ ተንበርክካ ቅጂዎቿን እያለቀሰች ትለቅማለች። አርታኢዋ ከትከሻዋ ሕመም ይልቅ አንድ ነገር ብቻ አሳሰባት፤ ሰሌዳው ተረስቷል፣ አባቷ አሁን ዞር ብለው መውጣት ይችላሉ። "ውጣ አባዬ" አለች በልቧ፣ "በአምላክ ውጣ።"

"ስጠኝ እስቲ ያንን" አሉ አባቷ።

ቀኝ እጃቸውን ከኪሳቸው አወጡ። እጁ ከኪስ ሲወጣ እንዳለ ይርገበገብ ነበር፤ እስክሪብቶውን ለመያዝ ሁለት ጊዜ ሳቱት፣ በሦስተኛው ባለቤቱ ራሱ ጣቶቻቸው መሃል አስገባላቸው፤ ሳቁ ፊቱ ላይ እንዳለ ደርቆ ቀርቷል። ከፊት ያሉት ያነሱትን መጽሔት አወረዱ፣ ከኋላ ያሉት ደግሞ የፊቶቹን አይተው አወረዱ። አባቷ ከብረት በሩ ጀመሩ። ቀጥ ማለት የነበረበት መስመር በሚንገጫገጭ መኪና ላይ የተጻፈ ስልክ ቁጥር መሰለ። ሁለተኛውን ብረት አሰመሩ፣ ከመጀመሪያው የባሰ ሆነ። ላባቸው በጆሯቸው ሥር ይወርዳል። የእስክሪብቶው ጫፍ ሰሌዳው ላይ ጠቅ ጠቅ፣ ጠቅ ጠቅ ይላል፤ አርታኢዋ ያልቻለችው ያን ድምፅ ነበር። ጠበቃው አንድ እርምጃ ወደፊት መጣ። "ጋሼ" አለ፤ ያ ሁሉ አፍ የት እንደገባ። "ጋሼ፣ በቃ፣ ይቅርብን።"

"አንተ አይደለህ ቁጠሩ ስትል የዋልከው?" አሉት ሳይዞሩ። "ቁም። ገና ጣት ይቀረኛል።"

አውራ ጣቱን ሳሉ። ሌባ ጣቱን፣ መሃል ጣቱን፣ የቀለበት ጣቱን። እያንዳንዷ ተጣማ፣ መስመሯ ተደራርቦ፤ ግን ደግሞ ጣት ናት፣ ብረት የጨበጠች ጣት። በትንሿ ቦታ ላይ ጉብ ያለች ጠባሳ ብቻ አስቀምጠው እስክሪብቶውን አወረዱ። "ቁጠር" አሉት ጠበቃውን። ጠበቃው ቆጠረ፣ ድምፁ በየቁጥሩ እያነሰ። "አራት ናቸው፣ ጋሼ።" አባቷ ወደ ሕዝቡ ዞሩ። "አምስተኛዋን ያስገባችው ልጄ ናት፤ ሆን ብላ ግን አይደለም፣ ስትዋሽ ነው። እጄ እንዲህ ከሆነ ሁለት ዓመቱ ነው። ከአሮጌ ሥዕሎቼ እየቆረጠች፣ እየለጠፈች እኔን ከውርደት እናንተን ከኀዘን ጠብቃለች። በሁለት ዓመት የሳተችው አንዲት ጣት ነው። እኔ በደህናዬ ጊዜ ከዚያ የባሰ እስት ነበር፤ ያኔም የምትለቅመው እሷው ነበረች።" ደከማቸው፤ እናቷ ወንበር ሊስቡላቸው ሲሉ በእጃቸው ከለከሉ።

ሁሉም አልቅሶ የተቃቀፈ እንዳይመስላችሁ። አንዳንዱ መሬት መሬት እያየ ወጣ፣ አንዳንዱ ስልኩን አውጥቶ ሰሌዳውን ሊያነሳ ሲል ጠበቃው በጀርባው ከለለበት። የባንክ ቤት ድምፅ ያላት ሴትዮ እንባዋ በጉንጮቿ እየወረደ "ቢሆንም መሄድ አልነበረባትም" አለች። አባቷ አዩዋት፣ አልተቆጧትም። "እኔም እንዳንቺው ስል ነው የከረምኩት" አሏት። "ዛሬ ሬዲዮ ከፍቼባት ስትወጣ፣ የኔ እጅ ተቀመጠ ብዬ የሷ እጅ ይቀመጥ እያልኩ እንደሆነ ገባኝ። እንዲህ ይባላል እንዴ ለልጅ?" ሴትየዋ አፍንጫዋን ጠረገች፤ ያመነች ግን አልመሰለችም። አባቷ ወደ ጠረጴዛው ሄደው ከተለቀሙት አንድ ቅጂ አነሱ፣ ለሠዓሊቷ ልጅ "ፈርሚልኝ" አሏት፣ ባለቤቱ አልቀበልም እያለ ሙሉ ዋጋውን ቆጥረው ባንኮኒው ላይ አስቀመጡ። ሲወጡ በሩ ጋ የቆመው ጠበቃ ግራ እጁን አንስቶ ትንሿን ጣቱን አጠፈ። ለአባቷ ይሁን ለእሷ አልገባትም፤ ብቻ እሷም አጠፈች።

ታክሲ ውስጥ እናቷ ከፊት ተቀምጠው ለሹፌሩ ስለ ዘይት ዋጋ ያወሩለታል፤ ሹፌሩ ደግሞ ስለ ነዳጅ ይመልስላቸዋል፤ ተግባብተዋል። ከኋላ አባቷ መጽሔቱን ሊያነቡ ይሞክራሉ፤ ገጹ ይርገበገብባቸዋል፣ ፊደሉ አልቆም ይላቸዋል። አርታኢዋ ምንም ሳትል የመጽሔቱን አንዱን ጠርዝ ያዘችላቸው። ገጹ ረጋ። እሳቸውም ምንም ሳይሉ ማንበቡን ቀጠሉ፤ ሲጨርሱ ራሳቸውን ይነቀንቃሉ፣ እሷ ትገልጣለች። አንድ ቦታ ላይ ሳቅ አመለጣቸው፣ በሳል ሸፈኑት። ትንሽ ቆይተው ደግሞ አንገታቸውን ቀና አደረጉ።

"ይቺ ልጅ ከዚህኛው ጣራ ስትነሳ ቦርሳዋ በግራ ትከሻዋ ነው" አሉ። ከወር በኋላ በቀጥታ ለእሷ የተናገሩት የመጀመሪያው ነገር ነው። "እዚያኛው ጣራ ስታርፍ በቀኝ ሆኗል። አላየሽም?"

አርታኢዋ ገጹን አየችው። እውነትም በቀኝ ሆኗል። ሳቋም እንባዋም እኩል መጡባት፤ የቱን እንደምታስቀድም ጠፋት። "አላየሁም፣ አባዬ።"

"ጉድሽ ነው። የሰው ዓይን ክፉ ነው፤ ነገ አምስት ጣታቸውን ይዘው ይመጡልሻል።" ገጹን እስክትገልጥላቸው ጠበቁ። ከዚያ ወደ መስኮቱ እያዩ፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ "ቤት ስንገባ ያቺኛዋን ቅጂ ከጠረጴዛው እግር ሥር አውጪያት" አሏት።

"ጠረጴዛው ይወዛወዝብሃላ።"

"ይወዛወዝ" አሉ አባቷ።